ልብ ማለት

ከሌሊቱ ዘጠኝ። ትሪበርግ ተኝታለች፣
ነጭ ተከናንባ፣ ጥዱን ተንተርሳለች።
ተረኛዋ እኔ ነኝ። በሩ ተቆልፏል፤
አንዲት መስኮት ቀርታ በእሷ ይሸመታል፣
ከእጅ የማትሰፋ፣
ብርድ ውጣ ውጣ ክኒን የምትተፋ።

ልጅ ሆኜ አባቴ፣ ዕቃ በሰበርኩ ቁጥር፣
«ልብ ግዢ!» ይለኝ ነበር።
ሱቁን አላሳየኝ፣ ዋጋውን አልነገረኝ፤
ዕድሜ አዙሮ አዙሮ ከመደብሩ አገባኝ፣
ባለሱቋ አረገኝ።
ልብ የሚያዘገየው ከታች በስተግራ፣
ልብ የሚያበረታው እዚያው ከእሱ ጋራ፣
ደም የሚያቀጥነው፣ ደም ሥር የሚከፍተው፣
ፍርሃት የሚያስተኛው፣ እንቅልፍ የሚጎትተው፣
ሁሉም በፊደል ተራ፣ በዩሮ፣ በሳንቲም፤
ልብ እሸጣለሁ እንጂ መግዛቴን አላውቅም።

ማምሻውን አንዲት ልጅ ሴሎዋን አዝላ፣
«ነገ ፈተና አለኝ፣ እጄ ይርዳል» ብላ፣
ማዘዣ ዘረጋች። ትንሿን ክኒን ሰጠኋት።
ይህ ክኒን ፍርሃትን አይገድልም፤ ያውቃታል፣
ደብዳቤዋን ብቻ መንገድ ላይ ያግዳል፤
ጭንቅላት ይጽፋል፣ «ሽሽ! ጅብ መጣ!» እያለ፣
ልብ ሳያነበው ቁጭ፣ ምንም እንዳልተባለ።

ከዚያ ደወል። አልፎንስ ኪንስለር፣
ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣ ሰዓት ሠሪ ነበር፣
ከጥድ ወፍ ጠርቦ በየሰዓቱ የሚያስዘምር።
የስንቱን ግድግዳ ጊዜ ያስተካከለ፣
የገዛ ደረቱ ምት እየዘለለ
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዲጎክሲን ያለ።

«ሆዴ ተረበሸ፣ ምግብ አስጠላኝ» አለኝ፣
«ለማቅለሽለሽ ነገር ቀለል ያለ ስጪኝ።»
ሁለት ዩሮ ከሃምሳ፣ የሌሊቱን ሂሳብ፣ ቆጥሮ አስቀመጠ፤
መሳቢያውን ስስብ መንገዱ ላይ አፈጠጠ።
«የዘንድሮ በረዶ» አለ፣ «ምን ነካው? ቅቤ መሰለ።»

ቅቤ።
እጄ መሳቢያው ውስጥ ቀረ።
በረዶው ነጭ ነው። የመንገድ መብራቱም ነጭ ነው።
ልብ አልኩ።

«ሰሞኑን ሌላ መድኃኒት ጀምረዋል፣ አቶ ኪንስለር?»
«ለሳሌ ነው፣ አምስት ቀኔ፤ ሐኪሙ ያዘዘልኝ ነበር።»
አምስት ቀን! አዲሱ በር ዘግቶ፣ አሮጌው መውጫ አጥቶ፣
በደሙ ሲከማች፣ ዓይኑ ድረስ ወጥቶ።

በሰኔ ከጫካው ዳር ሐምራዊ አበባ ያብባል፣
የአገሬው ሰው «የጣት ቆብ» ይለዋል፤
ልብ የሚያቃና ቅጠል፣ ልብ የሚያቆም ቅጠል፣ አንድ ግንድ ላይ በቅሏል፤
ልዩነቱ ከጥፍር ሥር ይደበቃል።
እኛም «መድኃኒት አበሉት» ስንል ስለ ሰው፣
ዳነ ወይስ ሞተ፣ የሚለየው በነጋሪው ፊት ነው።

የተቆለፈውን በር ከፍቼ ወጣሁ። ካፖርቴን ደረብኩለት፣
ስልኩን በትከሻዬ ይዤ አንጓውን ጨበጥኩለት።
«ስንት ይላል?» አለኝ፣ እንደ ባለሙያ።
ሠላሳ ስምንት ነበር። «ትንሽ ወደኋላ ቀርቷል» አልኩት።
ሳቀ። «እንግዲያው ፔንዱለሙን ከፍ ነው፤ ሌላ ምን አለው!»

አምቡላንሱ ወደ ፊሊንገን ቁልቁል ተጠቅልሎ ሄደ፣
በሰማያዊ መብራቱ ጥዱን እየቀደደ።
ሁለት ዩሮ ከሃምሳ መስኮቷ ላይ ቀረ፤
የጠየቀኝ ሣጥን እንደታሸገ አደረ።

ይድን እንደሆነ ገና የነገረኝ የለም።
ጎህ ቀደደ። ከተራራው ጀርባ ፀሐይ ብቅ ስትል
በረዶው እውነትም ቅቤ መሰለ፣ ከዳር እስከ ዳር።
ደነገጥኩ። ዓይኔን አሸሁ።
ጣቴን ከአንጓዬ አኑሬ በግድግዳው ሰዓት ቆጠርኩ፤
በእሱ እጅ የተሠራ ነው፣ አንድ ደቂቃ ይቀድማል።